የመጀመሪያዋ ሰሚ

በትዳሯ ውስጥ የምትደበደብ ሴት ችግሯን መጀመሪያ የምትነግረው ለፖሊስ አይደለም፤ ለሐኪምም ለጠበቃም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በኢትዮጵያ በተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ዳሰሳ ጥናት አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ሁለት ሦስተኛው ያህል ለማንም አልተናገሩም፤ እርዳታም አልጠየቁም። እርዳታ የጠየቁት ሩብ እንኳ አይሞሉም። ከጠየቁትም ከሦስቷ አንዷ ያህል የሄደችው ጎረቤት ዘንድ ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው የራሷ ቤተሰብ ነው። ፖሊስና ጤና ጣቢያ የሚገኙት ከዝርዝሩ ግርጌ ነው።

ስለዚህ ጥቃት የደረሰባትን ሴት በመጀመሪያ የሚቀበላት ተቋም ጽሕፈት ቤትም ማኅተምም የለውም። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አድርጋ የገባችውን ሴት "ምን ሆነሽ ነው?" ብላ የምትጠይቅ ጎረቤት ናት። ጎረቤቲቱ "ቻይው፣ ለልጆችሽ ስትይ" ካለቻት ነገሩ እዚያው ይቀበራል፤ ምናልባትም ለዓመታት። ሌላ መልስ ካላት ግን ሕክምናውም፣ መጠለያውም፣ ሕጉም ሥራቸውን የሚጀምሩበት በር ይከፈታል። የማኅበረሰብ ትምህርት ዋና ጉዳይ ይህችን ጎረቤት፣ ባሏንም ጭምር፣ ለዚያች ደቂቃ ማዘጋጀት ነው።

ጥቃት ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው የበለዘ ዓይንና ያበጠ ፊት ነው። ነገሩ ግን ከዚያ ይሰፋል። የሚስቱን ደመወዝ ተቀብሎ የአስቤዛ ሳንቲም ቆጥሮ የሚሰጥ፣ ስልኳን ማታ ማታ የሚፈትሽ፣ እናቷን እንዳትጠይቅ የሚከለክል፣ በልጆቿ ፊት የሚያዋርዳት፣ እንቢ ስትለው በግድ የሚገናኛት ባል አንድ ቀን እጁን ባያነሳም አጥቂ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በተለያዩ አገሮች አስጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2005 ይፋ ባደረገው ጥናት ውስጥ ቡታጅራና አካባቢው ይገኝበት ነበር። እዚያ ካገቡ ወይም አጋር ከነበራቸው ሴቶች 71 በመቶው በሕይወት ዘመናቸው ከገዛ ባላቸው ወይም ከአጋራቸው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። ድብደባው 49 በመቶ ሲሆን ወሲባዊው ጥቃት 59 በመቶ ደርሶ ተገኘ። ጎረቤት በግድግዳ በኩል የሚሰማው ጩኸት ከችግሩ አንዱ ክፍል፣ ያውም አነስተኛው ብቻ ነው ማለት ነው።

ሴቲቱን ዝም ከሚያሰኟት ነገሮች አንዱ ራሷም ቅጣቱ ይገባኛል ብላ ማመኗ ነው። በ2016ቱ ጥናት ምግብ ብታሳርር፣ ሳትናገር ከቤት ብትወጣ፣ ብትከራከረው፣ ልጆች ብትበድል ወይም መኝታ ብትከለክለው ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ ነው ወይ ተብለው ከተጠየቁት ሴቶች 63 በመቶው ቢያንስ በአንዱ ምክንያት ተስማምተዋል። ከወንዶቹ የተስማሙት 28 በመቶ ናቸው። ይህ ልዩነት ሴቶች ዱላ ይወዳሉ ለሚለው አሮጌ ንግግር ማስረጃ ሊሆን አይችልም። የሚያሳየው ትምህርቱ ምን ያህል ቀድሞ እንደሚጀምር ነው፤ "ሴትና አህያ ዱላ ይወዳል" የሚለውን አባባል ልጅቱ ፊደል ከመቁጠሯ በፊት ሰምታዋለች። ደግነቱ የተማሩትን መርሳትም ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2000 በተካሄደው ተመሳሳይ ጥናት በሐሳቡ የተስማሙት ሴቶች 85 በመቶ ነበሩ። በ16 ዓመት ውስጥ ከ20 ነጥብ በላይ መውረዱ አመለካከት ከድንጋይ እንዳልተጠረበ ያሳያል።

ቋንቋውም የራሱን ሸክም ያክላል። አማርኛ ጀግንነትንም፣ ሴትን አስገድዶ ማዋረድንም "ድፍረት" በሚል አንድ ቃል ይጠራል። "ተደፈረች" ሲባል አጥፊው ከዓረፍተ ነገሩ ይወጣል፤ ሴቲቱ ብቻዋን ከነእፍረቷ ትቀራለች። ከተጎጂዎች ጋር የሚሠሩ ባለሙያዎች "ጥቃት የደረሰባት" ማለትን የሚመርጡት ለጌጥ አይደለም፤ ድርጊቱ ከውጭ የመጣባት እንጂ የእሷ ማንነት እንዳልሆነ ለመናገር ነው።

ከጎረቤት ቀጥሎ የሚጠራው ሽማግሌ ነው። ሽምግልና በኢትዮጵያ ደም ያደረቀ፣ ድንበር ያስማማ ትልቅ ሥርዓት ነው፤ በቤት ውስጥ ጥቃት ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሚጎዳው የተጎዳችውን ነው። ሽማግሌ የሚቀመጠው ሁለት እኩል ባለጉዳዮች ተጣልተዋል ብሎ ነው። አንዱ የሚያስፈራ ሌላዋ የምትፈራ ሲሆኑ ግን እኩልነቱ ከመነሻው የለም። እሷ በሽማግሌዎቹ ፊት የምትናገረው ማታ አብራው የምትገባውን ሰው እያየች ነው። እርቁ "እሱም ይቅር ይበል፣ አንቺም አትመልሺለት" በሚል ይቋጫል፤ ሽማግሌዎቹ መርቀው ይሄዳሉ፤ የሚቀጥለው ዱላ "ለሰው አውርተሽ" የሚል ምክንያት ተጨምሮበት ይመጣል። ይህን በማወቅ ሽማግሌዎችን ራሳቸውን የሚያስተምሩ ሥራዎች አሉ። የሚሰጡት ምክር አስቸጋሪ አይደለም፦ ሴቲቱን ለብቻዋ ስሟት፤ የቆሰለችን ሴት መጀመሪያ ወደ ሕክምና ላኩ፤ የወንጀልን ነገር ለእርቅ አታቅርቡ፤ ሕፃን ልጅ የተደፈረችበትን ጉዳይ ደግሞ በካሳም ሆነ በጋብቻ ለመጨረስ አትሞክሩ።

ለጎረቤቲቱ የሚሰጠውም ትምህርት እንዲሁ ቀላል ነው፤ ከባዱ መፈጸሙ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለጤና ባለሙያዎች ያዘጋጀው የመጀመሪያ ድጋፍ መመሪያ ለማንኛውም ሰው ይሠራል። ሰምቶ መጨረስ ይቀድማል። "ምን አድርገሽው ነው?" የሚለው ጥያቄ አንድ ጊዜ ከአፍ ከወጣ ሌላውን ሁሉ ያበላሻል። "አምንሻለሁ፤ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም" የሚሉት ጥቂት ቃላት የሚሠሩትን ሥራ ረጅም ምክር አይሠራውም። ከዚያ ዛሬ ማታ ምን እንደምትፈራ መጠየቅ ነው፤ ጦር መሣሪያ ቤት ውስጥ አለ ወይ፣ አንቆሽ ያውቃል ወይ፣ እገድልሻለሁ ብሎ ዝቶ ያውቃል ወይ። የእነዚህ መልስ አዎ ከሆነ አደጋው ቅርብ ነው። "ለምን ጥለሽው አትሄጂም?" ማለትም አይገባም። ጥላው ለመሄድ የምትነሳበት ሰዓት ብዙ ጊዜ ከሁሉ የከፋው ሰዓት ነው፤ አጥቂው ከእጁ እያመለጠች መሆኗን ያወቀበት ነውና። መታወቂያዋን፣ የልጆቿን የልደት ምስክር ወረቀት፣ ጥቂት ገንዘብና መለወጫ ልብስ በጎረቤቲቱ ቤት ማስቀመጥ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ የብዙ ሴት ማምለጫ መንገድ ግን ከዚያ ይጀምራል። መሄድ የሚገባትን ቀን የምትወስነው ግን ራሷ ናት። አንድ ሰው ለዓመታት ያዘዛትን ሴት በደግነትም ቢሆን ሌላ ሰው ሊያዛት አይገባም።

ጥቃቱ አስገድዶ መድፈር ከሆነ ሰዓት ይቆጠራል። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ ሲፈጥን ይሻላል። ያልተፈለገ እርግዝናን የሚከላከለው መድኃኒት እስከ 5 ቀን ይሠራል፤ እሱም እያደር ኃይሉ ይቀንሳል። ገላን መታጠብ የሚያስመኝ ሰዓት ቢሆንም ከሕክምና ምርመራ በፊት አለመታጠብ ማስረጃን ያቆያል፤ የለበሰችውም ልብስ ሳይታጠብ በወረቀት ይጠቀለላል እንጂ በፌስታል አይቋጠርም፤ ፌስታል እርጥበት ይዞ ማስረጃውን ያበላሻል። ታጥባም ቢሆን፣ ቀናት ቢያልፉም፣ ሕክምና መሄዷ ዋጋ አለው። ካረገዘችም የወንጀል ሕጉ በመደፈር የመጣን እርግዝና ማቋረጥን የሚፈቅድ ሲሆን ለዚህ የሴቲቱ ቃል ብቻ በቂ እንደሆነ ይደነግጋል።

ተጎጂዋ ታሪኳን በየቢሮው እየደጋገመች እንዳትቆስል ሐኪሙን፣ የሥነ ልቦና ባለሙያውን፣ ፖሊሱንና ዐቃቤ ሕጉን በአንድ ግቢ የሚሰበስብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት የሚባል አሠራር አለ። በአዲስ አበባ የጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ማዕከል ከዚህ ዓይነቶቹ ቀዳሚ ነው። አርአያው የመጣው ከደቡብ አፍሪካ ቱቱዜላ ማዕከላት ነው፤ ቃሉ በኮሳ ቋንቋ ማጽናናት ማለት ነው።

ሕጉ ራሱ እዚህ የደረሰው በክርክር ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ሴት ካገባት ከቅጣት እንዲያመልጥ በር ትቶ ነበር። ሽማግሌ ይላካል፣ ጥሎሽ ይሰጣል፣ ወንጀሉ ሠርግ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1995 መዓዛ አሸናፊና ሌሎች ሴት የሕግ ባለሙያዎች ያቋቋሙት የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አቅም ለሌላቸው ሴቶች በነጻ ጥብቅና እየቆመ ጎን ለጎን ሕጉ እንዲለወጥ መወትወት ጀመረ። በአርሲ የተጠለፈች የ14 ዓመት ተማሪ ጠላፊዋን በራሱ መሣሪያ ተኩሳ በገደለችበትና ራስን በመከላከል ነጻ በወጣችበት ጉዳይ ማኅበሩ ጠበቃ ቆሞላታል። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳየው "ድፍረት" የተሰኘው ፊልም የተሠራው በዚህ ታሪክ ላይ ነው።

በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ባልን የቤቱ ራስ የሚያደርገውን ድንጋጌ ሽሮ ለሁለቱም ተጋቢዎች የጋብቻ ዕድሜን 18 አደረገ። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ደግሞ ጠለፋን ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ አደረገው፤ ጠላፊው ኋላ ቢያገባትም ከተጠያቂነት እንደማይድን በግልጽ ጻፈ። በአንቀጽ 564ም በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም የኃይል ጥቃት ለመጀመሪያ ጊዜ በስሙ ተጠራ። ትልቅ እርምጃ ነበር፤ ሙሉ ግን አልነበረም። አንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን ሲተረጉም "ከጋብቻ ውጪ" የሚል ሐረግ ስለጨመረ በትዳር ውስጥ የሚፈጸመው በወንጀልነት አልተቆጠረም፤ የቡታጅራው ቁጥር ያሳየው ትልቁ ክፍል ከሕጉ ውጭ ቀረ ማለት ነው። ሌላው ክፍተት የጥበቃ ትእዛዝ ነው። በብዙ አገሮች ፍርድ ቤት አጥቂውን "ወደ ቤቱ እንዳትቀርብ" ብሎ በአስቸኳይ ማዘዝ ይችላል። በኢትዮጵያ የቤተሰብ ሕግ ለዚህ የሚቀርበው ድንጋጌ የሚሠራው የፍቺ አቤቱታ ከቀረበ በኋላ ነው፤ ያኔ ፍርድ ቤቱ ከመኖሪያ ቤቱ ማን እንደሚወጣ ሲወስን የልጆችን ጥቅምና ይበልጥ የሚጎዳውን ወገን ያያል። መፋታት ሳትፈልግ መደብደቡ እንዲቆምላት ብቻ የምትፈልግ ሴት፣ እንዲህ ያሉትም ብዙ ናቸው፣ ይህ በር አይከፈትላትም።

የጥብቅና ሥራው ራሱም ተመትቶ ያውቃል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ በመብት ጉዳይ የሚሠሩ ድርጅቶች ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ እንዳያገኙ ከለከለ፤ የሴት የሕግ ባለሙያዎቹ ማኅበርም ሠራተኞቹን ለመቀነስና ሥራውን ለማጥበብ ተገደደ። ገደቡ የተነሳው በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አዋጅ ነው። በመካከሉ ባሉት ዓመታት ስንት ሴት ጠበቃ ፈልጋ እንዳጣች ማንም የቆጠረ የለም፤ ይህ ሊረሳ የማይገባው ጉዳት ነው። በዚያው ዘመን አዲስ ድምፅ የመጣው ከተማሪዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት የተጀመረው "የሎው ሙቭመንት" የተባለ እንቅስቃሴ ግቢ ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግቶ ስለ ጾታዊ ጥቃት በአደባባይ ማውራትን የተለመደ ነገር ለማድረግ ተነሳ።

ሴቲቱ ከቤት ከወጣች የት ታድራለች? የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2006 አዲስ አበባ ውስጥ መጠለያ የከፈተው ይህን ጥያቄ ይዞ ነው፤ ቆይቶም አዳማን ጨምሮ ወደ ሌሎች ከተሞች ሰፋ። የመጠለያው አድራሻ አይነገርም፤ አጥቂው ደጅ ላይ እንዳይቆም። ሴቶቹን ከነልጆቻቸው ይቀበላል፤ ሕክምና፣ የሥነ ልቦና ምክርና ፍርድ ቤት አብሮ የሚሄድ ሰው ያገኛሉ፤ ማንበብና መጻፍ፣ የእጅ ሙያ፣ ራስን የመከላከል ስፖርትም ይማራሉ። ሙያው ከሁሉ ይበልጣል ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ የቤት ኪራይ መክፈል ያልቻለች ሴት ተመልሳ የምትሄደው ወደ ሸሸችው ቤት ነውና። የመጠለያዎቹ ቁጥር ከአገሪቱ ስፋት ጋር ሲተያይ ግን በጣም ጥቂት ነው፤ በገጠር ያለችው ሴት መጠለያዋ አሁንም ዘመዶቿና ጎረቤቶቿ ናቸው።

በውጭ አገር ደግሞ ጎረቤትም ይጠፋል። በአሜሪካ ባሏ በጋብቻ ያስመጣት ሴት ብዙ ጊዜ የምትሰማው ዛቻ "ፖሊስ ብትጠሪ ወረቀትሽን አስቆርጬ አስባርርሻለሁ" የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው በሴቶች ላይ የሚፈጸም ጥቃትን የሚመለከተው የአሜሪካ ሕግ ግን ባሏ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ የሆነባት ተበዳይ ሴት ባሏ ሳያውቅ ራሷ ለመኖሪያ ፈቃድ እንድታመለክት ይፈቅዳል። በቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ በመስጊድ፣ በኢትዮጵያውያን ማኅበራት ስብሰባ ላይ ይህችን አንዲት ነገር በአማርኛ መናገር ከዛቻው ግማሹን ጉልበት ይነጥቀዋል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሠራተኛን የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪው ጋር በሚያስረው የካፋላ ሥርዓት የምትሠራዋ የቤት ሠራተኛ ሁኔታ የባሰ ነው፤ ከሚደበድባት አሠሪ ቤት መውጣቷ ራሱ እንደ ኩብለላ ተቆጥሮ ሊያሳስራት ይችላል።

እስካሁን የተባለው ሁሉ ጥቃቱ ከደረሰ በኋላ ያለው ነው። ቀድሞ መከላከል ይቻላል ወይ ለሚለው ጥያቄ ከኢትዮጵያ ገጠር የተገኙ መልሶች አሉ።

ቦጋለች ገብሬ ከአሜሪካ ተመልሳ እ.ኤ.አ. በ1997 በከምባታ ሥራ ስትጀምር ዓላማዋ የሴት ልጅ ግርዛትንና ጠለፋን ማስቀረት ነበር። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ የጠየቋት ግን ድልድይ ነው፤ ልጆች ትምህርት ቤት፣ ነጋዴዎች ገበያ የሚሻገሩበት። ድልድዩን አሠራች። የመናገር መብት ያገኘችው ከዚያ በኋላ ነው ማለት ይቻላል። ከምባቲ ሜንቲ ጌዚማ የተባለው ድርጅቷ ወንድና ሴት፣ ሽማግሌና ወጣት አብረው የሚቀመጡበትን የማኅበረሰብ ውይይት አስለመደ፤ ያልተገረዘች ሙሽራ በአደባባይ ተዳረች፤ ሰው ሠርጉን ታደመ። በአካባቢው ሁሉን አቀፍ ሊባል የሚችለው ግርዛት በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ በጥቂቶች ዘንድ ብቻ የቀረ ሆነ። ቦጋለች እ.ኤ.አ. በ2019 ዐረፈች።

በአማራ ክልል ሞሰቦ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የተሞከረው ብርሃነ ሔዋን ያለዕድሜ ጋብቻን የገጠመው በሌላ መንገድ ነው። ልጃገረዶች ከመካሪ ሴት ጋር በቡድን ተሰበሰቡ፤ ደብተርና እስክሪብቶ ተሰጣቸው፤ ወላጆች በማኅበረሰብ ውይይት ተሳተፉ፤ ሁለት ዓመት ሳትዳር ለቆየች ልጅ ቤተሰብ አንድ የቤት እንስሳ ተሸለመ። ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጆች የመዳር ዕድላቸው ከሌላ ቀበሌ እኩዮቻቸው ወደ አንድ አሥረኛ ወረደ። ከ15 እስከ 19 ባሉት ግን እንዲያውም ጋብቻው በዛ። ወላጆች የሰሙት "ሕፃን አትዳሩ" የሚለውን ይመስላል፤ "18 ይሙላት" የሚለው ገና አልደረሳቸውም ነበር።

በትዳር ውስጥ ስላለው ጥቃት ደግሞ ትልቅ ሙከራ የተደረገው በጉራጌ ዞን ነው። ከ2014 እስከ 2018 እ.ኤ.አ. በ64 መንደሮች የተካሄደው ይህ ጥናት መንደሮቹን በዕጣ ለአራት ከፈላቸው፤ በአንዱ ወገን ወንዶች፣ በሌላው ሴቶች፣ በሦስተኛው ባልና ሚስት አብረው 14 ጊዜ ተሰበሰቡ፤ አራተኛው ለማወዳደሪያ ቀረ። ትምህርቱ የተሰጠው በቡና ላይ ነበር። ቡና ሲፈላ ማንም አይቸኩልም፤ ከአቦል እስከ በረካ ያለው ጊዜ አንድን ነገር አንስቶ፣ ተከራክሮ፣ ዝም ብሎ፣ መልሶ ለማንሳት ይበቃል። ነጭ ሰሌዳ ፊት ተሰልፈው የማይናገሩትን ነገር ሰዎች በጀበና ዙሪያ ይናገሩታል። የቤት ሥራን ማን ይሠራል፣ ንዴት ሲመጣ ምን ይደረጋል፣ ሚስት እንቢ የማለት መብት አላት ወይ፣ ኤች አይ ቪ እንዴት ይተላለፋል፤ ይህ ሁሉ ተነሳ።

ከሁለት ዓመት ያህል በኋላ ውጤቱ ተለካ። ወሲባዊ ጥቃት ቀንሶ የተገኘው ወንዶች ለብቻቸው በተወያዩባቸው መንደሮች ነው። ወንዶቹም በቤት ውስጥ ሥራ ማገዝ ጀምረዋል። ሴቶች ብቻ በተማሩባቸው መንደሮች ግን ጥቃቱ በግልጽ ሲቀንስ አልታየም። ይህ ውጤት በደንብ ሊጤን ይገባዋል። ለብዙ ዓመታት የጥቃት መከላከል ትምህርት የሚሰጠው በአብዛኛው ለሴቶች ነበር፤ መብቷን ያወቀች ሴት ግን መብቷን ወደማያውቅ ሰው ቤት ትመለሳለች። ሴቶችን ማስተማር እርዳታ የት እንደሚገኝ እንዲያውቁና እርስ በርስ እንዲደጋገፉ ያስችላል፤ ዱላውን የሚያስጥለው ግን ዱላውን ከያዘው ሰው ጋር የሚደረግ ንግግር ነው። ወንዶች ያለ ሚስቶቻቸው ሲቀመጡ እርስ በርስ የሚተያዩበትን ነገር፣ ማን "ሚስቱ አሸነፈችው" ተብሎ እንደሚሳቅበት፣ ግልጥ አድርገው ማንሳት ይችላሉ፤ የብዙ ጥቃት ሥር ያለው ደግሞ በዚህ ፍርሃት ውስጥ ነው። ይኸው ትምህርት ኋላ ተሻሽሎ በሶማሌ ክልል ዶሎ አዶ አካባቢ ባሉ የሶማሊያ ስደተኞች ዘንድ እንዲሠራ ተደርጓል።